ግራውን ዘግቼዋለሁ

ልጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ በገዛ እጄ ስላመላለስኩት ነገር ነው። አንዴ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፍላሽ ነበረች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት። ሁለቱም ኪሴ ውስጥ መኖራቸው እንኳ አይታወቅም ነበር። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ግን እንደነሱ የከበደኝ ዕቃ የለም።

ፖርት ሳይድ ውስጥ፣ ወደ ፖርት ፉአድ የሚያሻግረው ጀልባ ከሚቆምበት ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ የወጣቶች ማዕከል አለ። የበሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። አጎት ሸውቂ ይሉኛል። እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ከእስራኤል ጋር ጦርነቱ መጣና ከተማው ባዶ ሆነ፣ እኔም ከእናቴ ጋር ፍራሽ ተሸክሜ ተሰደድኩ። እንግዲህ የቀረኝን ትምህርት የተማርኩት እዚያ ማዕከል በር ላይ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው።

አስተማሪያችን ሻዝሊ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዝ የማይለየው፣ ዓይኑ የማያርፍ። እናቱ በአል-ዐረብ ሰፈር ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። እሱ ኮምፒውተር የተማረው ከተሰባበሩ ማሽኖች ጋር እየታገለ ነው። እሑድና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለወጣቶች ጌም መሥራት ያስተምራል። መጫወቱን አይደለም፤ መሥራቱን።

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትቀመጣለች። «ተጫዋቿ» ይሏታል። ቀስት ያለበትን ቁልፍ ስትጫኑ ትሄዳለች። ካልከለከላችኋት ጠርዝ ላይ ደርሳ አትቆምም፤ አልፋ ትሄዳለች፣ ከዓይን ትጠፋለች። አልሞተችም፤ ማንም በማያያት ባዶ ውስጥ፣ ያለችበትን ቦታ የሚናገረው ቁጥሯ እየቀነሰ ትጓዛለች። ስለዚህ አጥር ይሠራላታል። «ቁጥሯ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ ይሁን» ተብሎ ይጻፋል፣ ግራው ይዘጋል። ቀኙም፣ ላዩም፣ ታቹም እንደዚሁ። አራት ጎን፣ አራት መስመር።

ጂላን የመጣችው ይሄ ትምህርት በተጀመረ ቀን ነው። ከስዊዝ ካናል ማዶ፣ ከፖርት ፉአድ፤ ቀይ ጣሪያ ካላቸው፣ የአትክልት ቦታቸው እንኳ ከእኔ ሰፈር ከሚሰፋ ቤቶች ከአንዱ። አባቷ ካፕቴን ሙራድ መርከቦችን በካናሉ እየመራ ዕድሜውን ያሳለፈ ጡረተኛ ነው። ትልቅ ሰው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ።

«ዜሮ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ ሻዝሊ።

ሁሉም ወደ ቀኝ ጠቆሙ። ሁሌም እንደዚያ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የምንጽፍ ሰዎች ስለሆንን ነገር ሁሉ የሚጀመረው ከቀኝ ይመስለናል።

«በግራ ነው» አለ እየሳቀ። «በየዓመቱ በዚህች እንሳሳታለን።»

«እንዲህ ከሆነማ» አለች ከኋላ ያለችው አዲሷ ልጅ፣ «እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ መስመሩን ጨርሰን የምንወርድበት ቦታ ነው የኮምፒውተሩ መጀመሪያ።»

ሻዝሊ ቀና ብሎ አያት። ማርከሩን ከእጅ ወደ እጅ እያዘዋወረ ትምህርቱን ረሳው። የፊት ረድፍ ላይ የነበረው ሙስጠፋ፣ «ባሽሙሃንዲስ፣ ኢንጂነራችን፣ አጥር አልፈህ ወጣህ እኮ!» አለና ክፍሉን በሳቅ ሞላው። እኔም ስቄያለሁ። ያኔ መሳቅ ይቻል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጂላን ሳጥን በስተቀኝ ግማሽ አካሏ ከስክሪኑ እየወጣ አስቸገራት። ሻዝሊ ከጎኗ ቆሞ ጎንበስ አለ። ቅርብ አልነበረም፤ መሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ነበር።

«ስክሪኑ ስምንት መቶ ነው ወይዘሪት ጂላን። ሳጥንዎ ደግሞ አርባ ወርድ አላት። አጥሩን ስምንት መቶ ላይ ካቆሙት አካሏ ከውጭ ይቀራል። የራሷን ወርድ መቀነስ አለብዎት። ሰባት መቶ ስልሳ።»

«እንዲያ ከሆነ ሰው ወሰኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው መቆም ያለበት?»

«አዎ። የራሱን ልክ አውቆ።»

«አንተ የራስህን ልክ ማን ነገረህ?» አለች ቀስ ብላ። አስተማሪዋን አንተ አለችው። እሱ እርስዎ እንዳላት ቀረ። ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር፤ እኔ በሻዩ እንፋሎት ውስጥ አየሁት።

እንዲህ ስምንት ወር ሄደ። ጥያቄ ባይኖራትም ትጠይቀዋለች፤ እሱም መልሱን ሦስቴ ያብራራላታል። ክፍሉ ሲበተን እሷ ቦርሳዋን ለመዝጋት የምትፈጀው ጊዜ ሻንጣ ይሸከፍበታል። እሱ ደግሞ ያጸዳውን ሰሌዳ ደግሞ ያጸዳል። ስለ ልባቸው ግን አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እናንተ በዓይናችሁ ብታዩ ምንም አይሰወራችሁም ነበር።

አንድ ማክሰኞ እናቷ ማዳም ሱሄር ልትወስዳት መጣች። መልካም ሴት ናት፤ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም።

«አስተማሪው አንተ ነህ? ጂላን ጥሩ ታስተምራለህ ትላለች። የማን ልጅ ነህ የኔ ልጅ?»

«የኡም ሻዝሊ። ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጠው።»

«አህ! ወላሂ እኛ እኮ ዓሣ የምንገዛው ከእሷ ነው! እንዴት ንጹሕ ሴት ናት፤ ሁሌ አጽድታና ጠርጋ ነው የምትሰጠን። ሰላም በልልኝ እሺ?»

«እሺ ማዳም።»

ፈገግ ብላ ሄደች። ሻዝሊ ዘለፋ ቢሰማ ይሻለው ነበር። የዚያን ቀን እጁን ሁለት ጊዜ ሲታጠብ አየሁት፤ ዓሣ ሳይነካ።

አሁን ስለ አንድ ልማዱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የተበላሸው በሱ ነውና። ማሽኖቻችን ያረጁ ናቸው። ተማሪ አጥር ሳይሠራ ጌሙን ሲያስነሳ ሳጥኗ ትጠፋለች፤ እነሱ ሊመልሷት ቀስቱን ተጭነው ይቆያሉ፣ ማሽኑ ይደርቃል፣ ቁልፉም ይሰበራል። ሦስት ኪቦርድ እንዲህ አለቀብን። ስለዚህ ሻዝሊ የተማሪ ሥራ ሲያርም መጀመሪያ ኮዱን ይከፍታል፤ የጎደለ አጥር ካለ፣ ከተዘጋጁት አራት መስመሮቹ ይለጥፍበታል፤ ጌሙን የሚያስነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አጥር ያልተሟላለትን ጌም አስነስቶ አያውቅም። ይህን የሚያደርገው ሰኞ ሰኞ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ነው። ጂላን አጥር ጎድሎባት ስለማያውቅ ይህን ልማዱን አላየችም።

አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀረች። በሦስተኛው እሑድ፣ ጠዋት፣ ክፍሉን ስጠርግ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ከስቷል።

«አጎቴ ሸውቂ፣ ብቻህን ነህ?»

«እኔና መጥረጊያዬ። ግቢ ልጄ፣ ሻይ ላፍላ?»

«አልቀመጥም። እናቴ የሄድኩት ልብስ ሰፊ ጋ ነው የሚመስላት።» ፍላሿን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «የመጨረሻ ሥራዬ ነው። ለሱ ስጥልኝ። እንዲጫወተው ንገረው። በደንብ፣ እስከ ጫፍ ድረስ እንዲጫወተው።»

«እሱ ቀላል ነው። ግን ምን ሆነሻል?»

ዓይኗ ሞላ። «ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ፋቲሃ ይቀራል፤ እታጫለሁ። ሀቲም ይባላል፤ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ልጅ ነው፣ ኩዌት ሐኪም ነው። ክፉ ሰው አይደለም አጎቴ፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አባቴ አስቀምጦ ‹በልብሽ ያለ ሰው አለ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። የትኛው አባት እንዲህ ይጠይቃል? እስከ ረቡዕ ማታ አስቢ አለኝ።»

«ታዲያ አለ አትይውም?»

«ምን ብዬ? አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ላልነገረኝ ሰው? ‹ሳጥን ሲያስተምረኝ ዓይኔን አየኝ› ልበለው?» እያለቀሰች ሳቀች። «ካፕቴን ሙራድ ፊት በባዶ ተስፋ አይቆምም። ሻዝሊ ይፈልገኝ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

«እንግዲያው እኔ አሁኑኑ…»

«አይሆንም!» ክንዴን ያዘችኝ። «ስለ ሐሙስ አንድ ቃል እንዳትነግረው። ደንግጦ እንዲመጣ አልፈልግም፤ አዝኖልኝ እንዲመጣም አልፈልግም። ማልልኝ።»

ማልኩ። ልጆቼ፣ ሽማግሌ ሲያለቅሱበት ይሸነፋል።

በማግስቱ ሰኞ ሻዝሊ ሊያርም ተቀመጠ። እኔ መስኮት የማጸዳ መስዬ ከኋላው ቆሜያለሁ። ፍላሿን ሰካ፣ እንደ ልማዱ ሥራውን ወደ ማሽኑ ገለበጠ፣ ኮዱን ከፈተ።

«አይ!» አለ። «አጎቴ፣ ጂላን እኮ ግራውን ረስታዋለች። ሦስቱን ጎን አጥራ አንዱን! ልቧ የት ሄዶ ነው?»

መስመሩን ለጠፈ። ከዚያ ጌሙን አስነሳው።

እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! የፖርት ፉአድ መንገድ፣ ዛፎቹ፣ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት፣ መስኮት። ከታች ካናሉ፣ በላዩ ትንንሽ መርከቦች። ሳጥኗ ሳጥን መሆኗ ቀርቶ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሆናለች። የቆመው በስተቀኝ ነው። ሻዝሊ ወደ ግራ ወሰደው፤ ቤቱን አለፈ፣ ዛፎቹን አለፈ፣ ጠርዙ ጋ ደርሶ ቆመ። መለሰው። እንደገና ወሰደው፤ ቆመ።

«መጨረሻ የለውም» አለ። «ቆንጆ ነው፤ ግን ምንም አይሆንም። ትሄዳለህ፣ ትመለሳለህ።»

«ደግመህ ተጫወተው እስቲ» አልኩት። ምላሴ እየነደደ። «እስከ ጫፍ ድረስ አለች።»

ሦስት ጊዜ ተጫወተው። ሦስቴም በራሱ አጥር ላይ ቆመ። ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ።

«ቤታቸው ነው ይሄ» አለ ቀስ ብሎ። «ቤታቸውን ነው የሣለችው። ከመንገዱ ዳር ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ይመላለሳል፣ ቤቱ ግን በር የለውም። ገባኝ አጎቴ። ሳታስከፋኝ ልትነግረኝ ፈልጋ ነው።»

«ምን ልትነግርህ?»

«ልክህን እወቅ ብላ።»

አለመናገሬ አሁን ድረስ ያቃጥለኛል። መሐላዬ አፌን ይዞት ነበር። ደግሞም ጌሙ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር።

ወረቀት አወጣ። ጻፈ፣ ቀደደ። ጻፈ፣ ቀደደ። ሦስተኛውን አራት ላይ አጥፎ ሰጠኝ። «አንብበው፣ ምስጢር የለውም» አለ። እንዲህ ይላል፦

«ወይዘሪት ጂላን፣ ሥራዎ በጣም ያማረ ነው። በስተግራ ክፍት ቀርቶ ነበር፤ ዘግቼዋለሁ። ለወደፊቱ መልካሙን ሁሉ እመኝልዎታለሁ። ሻዝሊ።»

ማክሰኞ ጠዋት ተሻገርኩ። ጂላን የአትክልት ቦታው ውስጥ ነበረች። ወደ በሩ የመጣችው ሮጣ ነው። ወረቀቱን ከፈተች፣ አነበበች። የልጅቱ ደም ከፊቷ ሲወርድ አየሁት፤ መጋረጃ ሲወርድ እንደምታዩት።

«ሲጽፈው አይተኸዋል?» አለች።

«አይቻለሁ።»

«ቶሎ ጻፈው?»

እኔ ሞኙ ደስ የሚላት መስሎኝ፣ «ኧረ በጭራሽ! ሁለት ወረቀት ቀዶ ነው ይሄን የጻፈው!» አልኳት።

«አስቦበታል ማለት ነው» አለች። ወረቀቱን እንደነበረው አጠፈችው።

«መልስ አለሽ ልጄ?»

«መልስ እኮ እሱ ነው የላከው አጎቴ።» ከዚያ እጄን ሳመችው፣ አባት እንደሚሳም። በጀልባው ስመለስ እጄ ላይ እንባዋ እስኪደርቅ ነፋሱን ጠላሁት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ክፍሉን ስጠርግ ፍላሿ ማሽኑ ላይ ተሰክታ አየኋት። ሻዝሊ ከውስጠኛው ክፍል ማሽን ይጠግናል። ያንን ወረቀት አንብባ ለምን እንደዚያ እንደሆነች ማወቅ ፈልጌያለሁ። እኔም ስምንት ወር ሙሉ ሲከፍቱ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ተቀመጥኩ፣ ፍላሿ ውስጥ ያለውን፣ እሷ እንደሰጠችው ያለውን፣ ሻዝሊ ያልነካውን ከፈትኩ። ባለ ነጭ ሸሚዙ ሰው ታየ። ቀስቷን ተጫንኩ። ቤቱን አለፈ፣ ዛፎቹን አለፈ፣ ጠርዙ ጋ ደረሰ።

አልቆመም።

አልፎ ሄደ። ሰውየው ጠፋ። ማሽኑን ያበላሸሁት መሰለኝ፣ ጣቴን ግን ከቀስቱ ላይ አላነሳሁም። ከዚያ ሥዕሉ ተቀየረ። አዲስ ገጽ መጣ። የተከፈተ በር ያለው የአትክልት ቦታ፣ በሩ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ። ከላይዋ ጽሑፍ፦

«ሻዝሊ፣ እዚህ ከደረስክ አጥሩን አልፈሃል ማለት ነው። ሐሙስ ለሌላ ሰው ፋቲሃ ይቀራል። አባቴ ሰው አለሽ ወይ ብሎኛል፤ እስከ ረቡዕ ማታ መልሴን ይጠብቃል። የምትፈልገኝ ከሆነ መጥተህ በራችንን አንኳኳ። አባቴ ያከብርሃል፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ። የማትፈልገኝ ከሆነ ምንም እንዳትል፤ እንዳታፍርብኝ፣ እኔም እንዳላፍር። ይህን ጎን ዘግተህ ላክልኝ። ይገባኛል።»

ስሙን ጠርቼ እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። ሻዝሊ መፍቻውን እንደያዘ መጣ። ቆሞ አነበበው። ደግሞ አነበበው። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ሳላይ ነው የዘጋሁት» አለ። «አጎቴ፣ እኔ እኮ ሳላይ ነው የዘጋሁት።»

«ገና ነው! ሩጥ! ፋቲሃው ከአስር በኋላ ነው!»

እንዴት እንደሮጥን! እኔ በዚህ ጉልበቴ። ጀልባው ላይ ወጣን፣ ጀልባው ግን አልተነሳም። መርከቦች እያለፉ ነበር፤ ከሜዲትራኒያን የገቡ፣ ግንብ የሚያህሉ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። ሻዝሊ የብረቱን ዘንግ ይዞ ማዶውን ያያል። የመጨረሻው መርከብ ሲያልፍ የአስር አዛን ከሁለቱም ዳርቻ በአንድ ላይ ተሰማ። እሱም ግንባሩን በብረቱ ላይ ደፋ።

ቤቱ ጋ ስንደርስ መኪኖች ቆመዋል። ከሳሎኑ የወንዶች ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ አንድ ላይ «አሚን» የሚል። ከዚያም የሴቶች እልልታ። ሻዝሊ የአትክልቱን በር ይዞ ቆመ። የእልልታው ድምፅ እንደ ድንጋይ ሲመታው አየሁ።

ጂላን በረንዳው ላይ ነበረች፤ አየር ልትወስድ የወጣች ይመስላል። ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳለች። አየችን። ደረጃውን ወርዳ፣ እንግዳ ተቀባይ መስላ፣ ቀጥ ብላ መጣች።

«ለምን መጣህ?» አለችው። «ዘግቼዋለሁ ብለህ ጽፈህ የለም?»

«ሳላይ ነው የዘጋሁት።»

«ሳታይ?»

«ኮዱን ሳየው ግራው የለም። ስህተት መሰለኝ። መጀመሪያ አጥሩን ሠራሁ፣ ከዚያ ተጫወትኩት። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። አንቺ የጻፍሽውን ዛሬ ነው ያነበብኩት። አሁን።»

አንቺ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ። እሷም ሰማችው፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስህተት መሰለህ» አለች። «ስምንት ወር አስተምረኸኝ። አንድ ቀን አጥር ረስቼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«ታዲያ እኔ ጂላን አንዱን ጎን ከፍቼ ስተወው፣ አውቃ ነው ብለህ ለአንድ ደቂቃ አላሰብክም?»

«ለእኔ ትከፍቺያለሽ ብዬ አላሰብኩም» አለ ሻዝሊ። «ይሄ ነው እውነቱ። ለእኔ በር ይከፈታል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አመለጣት።

«እኔም በአፌ ብነግርህ ኖሮ» አለች። «ምን ነበረበት? በአፌ ብናገር? ኩራቴ ነው። በጽሑፍ ደበቅኩት።»

«አሁን ልግባና ለአባትሽ ልናገር። ምንም ይሁን።»

«ረቡዕ ማታ አባቴ ደግሞ ጠየቀኝ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ‹ሰው ካለ ንገሪኝ፣ እኔ አባትሽ ነኝ› አለኝ። ወረቀትህ እጄ ውስጥ ነበረች። ‹ማንም የለም› አልኩት። በአፌ። ‹ፋቲሃውን ቅሩ› ያልኳቸው እኔ ነኝ ሻዝሊ፣ ማንም አላስገደደኝም።»

«አሁንም መናገር ትችያለሽ።»

«እህቴ ዳልያ ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ ሐሳቧን ቀየረች፤ አራት ዓመት ሆነው። አባቴ ዓመት ሙሉ ጁምዓ ሰፈሩ መስጊድ አልሄደም። ሰው እንዳያየው በጀልባ ተሻግሮ እናንተ ሰፈር ይሰግድ ነበር። እኔ ነበርኩ አብሬው የምሻገረው። ዛሬ ሰባ ሰው ፊት እጁን ዘርግቶ ቃሉን ሰጠ። ያንን እጅ እንዴት ላሳፍረው? ንገረኝ፣ እንዴት ብዬ?»

ሻዝሊ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔስ ምን ልበል? አባቷን አውቀዋለሁ፤ ማዕከላችን አጠገብ ባለው መስጊድ ጥግ ላይ ጫማውን ብቻውን ሲያወልቅ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን እስከዚያች ቀን አላወቅኩም ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች ጂላን። «ረቡዕ ሳይደርስ ብታነበው ኖሮ ትመጣ ነበር?»

«በዋና እመጣ ነበር» አላት። «ጀልባውን አልጠብቅም ነበር።»

«እሺ» አለች። «እሺ። ይሄን ባትነግረኝ ጥሩ ነበር። ንገረኝ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ይሄኔ ማዳም ሱሄር በረንዳው ላይ ብቅ አለች፤ ደስታ ያሰከራት። የሸርበት ትሪ ይዛለች፣ ቀይ፣ በረዶ ያለበት።

«ኡስታዙ ነው! ሙራድ፣ የጂላን አስተማሪ መጣ! አጎት ሸውቂም አለ! አያችሁ የሰው መልካምነት፣ ከማዶ ድረስ ሊመርቋት መጡ!» እየሳቀች ወረደች። «ጠጡ፣ ጠጡ! የደስታ ሸርበት አይመለስም፣ ለሙሽራዋ ጥሩ አይደለም።»

ካፕቴን ሙራድም ወጣ። ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ፊቱ የበራ፤ እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። የሻዝሊን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «አላህ ይስጥልኝ ልጄ። ስላንተ ብዙ ትነግረኝ ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነው ትለኛለች።»

ሻዝሊ ብርጭቆውን አነሳ። ጂላን አየችው። እንዳይጠጣው የምትለምነው ይመስለኝ ነበር፤ ወይም እንዲጠጣው። እሱ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ሳይተነፍስ። በረዶው ብቻ ቀረ።

«ሺህ መብሩክ ካፕቴን» አለ። ድምፁ አልተሰበረም። «ደስታችሁን ያዝልቀው።»

«ለአንተም ቀንህ ይምጣ የኔ ልጅ!» አለች ማዳም ሱሄር፣ ጉንጩን መታ መታ እያደረገች። «አንድ ጥሩ ልጅ ከሰፈርህ እንፈልግልሃለን። እናትህን ደስ እናሰኛታለን።»

እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ ወደ አፌ ማድረስ አቃተኝ። ሻዝሊና ጂላን ተያዩ። በእናቷ ፊት፣ በአባቷ ፊት፣ በረንዳው ላይ በወጣው እንግዳ ሁሉ ፊት፣ ዓይናቸውን ሳያሸሹ፣ ረጅም ጊዜ ተያዩ። ያ ሁሉ ሰው አያቸው፤ አንድም ሰው ግን ምንም አልጠረጠረም። እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ልጆቼ፣ እኔን ዛሬም የሚያስለቅሰኝ ይሄ ነው።